ደረሰ ማለት ተካከለ ማለት ነውን? ስለ ስናፕሾት ልዩነት ማስተላለፍና ስለ አፈታተኑ የቀረበ ሒስ

አንድ የፋይል ሥርዓት ከአንዱ ኮምፒዩተር ወደ ሌላው በስናፕሾት አማካይነት ሲገለበጥ፣ ቅጅው ከዋናው ጋር አንድ ዐይነት መሆኑ በምን ይታወቃል? ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ስለዚህ ጉዳይ የተጻፉትን መመሪያዎችና በየላቦራቶሪው የሚደረጉትን ፈተናዎች ስንመለከት ግን የሚሰጠው መልስ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ምስክሮችን ይጠራል፤ ትእዛዙ ያለ ስሕተት ተፈጽሟል፣ የመልእክቱ የማረጋገጫ ድምር ተካክሏል፣ በተቀባዩም ዘንድ ዲስኩ ሲመረመር ጉድለት አልተገኘበትም ይላል። እኛ በዚህ ጽሑፍ ለማሳየት የምንፈልገው ሦስቱ ምስክሮች ስለ ተጠየቁት ነገር እንዳልመሰከሩ ነው። ሦስቱም እውነተኞች ናቸው፤ ነገር ግን ቅጅው ዋናውን ይመስላል ብሎ የተናገረ ከመካከላቸው አንድም የለም።

ለሒሳችን መነሻ ያደረግነው ዜድኤፍኤስ የተባለውን የፋይል ሥርዓት ነው። ይህን ሥራ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2001 ዓ.ም. በሳን ማይክሮሲስተምስ ኩባንያ የጀመሩት ጄፍ ቦንዊክና ማቲው አረንስ ናቸው። በ2005 ዓ.ም. ምንጩ ለሕዝብ ተገለጠ፤ ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ኦፕንዜድኤፍኤስ በሚባል ስም የተሰባሰቡ ሰዎች በጋራ ይሠሩታል። እኛ ይህን የመረጥነው ከሌሎቹ የከፋ ስለ ሆነ አይደለም። እንዲያውም ከሚመሰገኑት አንዱ ነው፤ ሠሪዎቹም ጉድለታቸውን በአደባባይ ስለሚጽፉ ለሒስ የሚመች ማስረጃ ይሰጣሉ። ጉድለቱን የሸሸገ ሥራ ይህን ያህል እንኳ ሊመረመር አይችልም።

ነገሩን ለማያውቀው አንባቢ በአጭሩ እንግለጽ። በዚህ ሥርዓት ውስጥ አንድ ጊዜ በተጻፈ ብሎክ ላይ ዳግመኛ አይጻፍበትም። ፋይሉ ሲለወጥ አዲሱ ብሎክ በሌላ ቦታ ይጻፋል፤ ወደ እርሱ የሚያመለክተውም ጠቋሚ በአዲስ ብሎክ ላይ ይጻፋል፤ እንዲህ እያለ ለውጡ እስከ ዛፉ ራስ ድረስ ይወጣል። እንግዲህ ስናፕሾት ማለት የአንድን ጊዜ የዛፍ ራስ ከነሥሩ ጠብቆ ማቆየት ነው። እያንዳንዱ ጠቋሚ 128 ባይት ሲሆን፣ ከሚይዛቸው ነገሮች አንዱ ብሎኩ የተጻፈበት የጽሕፈት ዙር ቍጥር ነው፤ ይህንም ሠሪዎቹ የልደት ቍጥር ይሉታል።

ልዩነትን ብቻ የማስተላለፍ ብልሃት የቆመው በዚህች ቍጥር ላይ ነው። የቀድሞውና የኋለኛው የሚባሉ ሁለት ስናፕሾቶች አሉ እንበል። ላኪው የኋለኛውን ዛፍ ከላይ ወደ ታች ይጓዛል። የደረሰበት ጠቋሚ የተወለደው ከቀድሞው ስናፕሾት በፊት ከሆነ፣ ከሥሩ ያለው ሁሉ በተቀባዩ ዘንድ አለ ማለት ነውና ቅርንጫፉን በሙሉ ይዘለዋል፤ በኋላ የተወለደ ከሆነ ግን ወደ ውስጥ ይገባል። በዚህ መንገድ እጅግ ሰፊ የሆነ የፋይል ሥርዓት የአንድ ቀን ለውጡ ብቻ ተለይቶ በቀጭን መስመር ሊላክ ይችላል። መስመር በሚጠብበትና መብራት በሚጠፋበት እንደ እኛ ባለ አገር የዚህን ጥቅም ማስረዳት አያስፈልግም።

ይሁን እንጂ ልብ ሊባል የሚገባው አንድ ነገር አለ። ላኪው ሁለቱን ስናፕሾቶች አላመሳከረም። ያነበበው የተጻፉበትን ዙር ነው እንጂ የተጻፈውን ነገር አይደለም። የልደት ቍጥሩ በትክክል ከተመዘገበ ውጤቱ ትክክል ይሆናል፤ ከተሳሳተ ግን ስሕተቱን የሚያይ ሌላ ዐይን በመንገዱ ላይ የለም።

አሁን ወደ ሦስቱ ምስክሮች እንመለስ። የመጀመሪያው፣ ማለት የትእዛዙ ያለ ስሕተት መፈጸም፣ ላኪው ሊልክ የፈለገውን ላከ፣ ተቀባዩም የተላከለትን ጻፈ ከማለት አያልፍም። ሁለተኛው የመልእክቱ የማረጋገጫ ድምር ነው። የተላከውን መልእክት በፋይል አስቀምጦ በመካከሉ አንዲት ባይት ቢለውጧት ተቀባዩ አልቀበልም ብሎ ይመልሰዋል። ይህን ፈተና ማንም ተማሪ በአንድ ከሰዓት በኋላ ሊያደርገው ይችላል፤ ብዙዎችም አድርገውት በውጤቱ ሲረኩ እናያለን። ግን ምን ተረጋገጠ? በመንገድ ላይ የተበላሸ ነገር እንደሚታወቅ ብቻ ነው። ከመጀመሪያውም ያልተላከ ነገር ድምር የለውም፤ ባልተጻፈ ደብዳቤ ላይ ማኅተም አይመታም። ሦስተኛው ምስክር ስክራብ የሚሉት የዲስክ ምርመራ ነው። ይህ በተቀባዩ ዘንድ ያለውን እያንዳንዱን ብሎክ አንብቦ በጠቋሚው ላይ ከተመዘገበው ድምር ጋር ያስተያያል። የሚያረጋግጠው በዚያ ዲስክ ላይ የተጻፈው ሳይበላሽ መኖሩን ነው። በዚያ ቦታ ሊገኝ የማይገባው አሮጌ ብሎክ ቢገኝ እንኳ፣ ብሎኩ ራሱ ጤነኛ እስከ ሆነ ድረስ ምርመራው በደስታ ያልፈዋል።

አንዳንዶች ደግሞ አራተኛ ምስክር ሲጨምሩ ሰምተናል፤ ይኸውም ስናፕሾቱ በሁለቱም ወገን የሚይዘው ጂዩአይዲ የተባለው መለያ ቍጥር ነው። ቍጥሩ አንድ ነውና ነገሩም አንድ ነው ይላሉ። ይህ ከሁሉ የደከመ ክርክር ነው። መለያው ከይዘቱ ተሰልቶ የወጣ አይደለም፤ ከላኪው ወደ ተቀባዩ በመልእክቱ ውስጥ ተጽፎ የሚሄድ ስም ነው። ሁለት ሰዎች ከበደ ስለ ተባሉ መልካቸው አንድ አይሆንም። ተቀባዩ ይህን ቍጥር የሚጠቀምበት የሚመጣው ልዩነት በየትኛው ስናፕሾት ላይ እንደሚያርፍ ለማወቅ ነው፤ ለዚህም እጅግ ይጠቅማል፤ ከዚያ ያለፈ ነገር ግን ከእርሱ መጠበቅ አይገባም።

እስካሁን ያልነው ሁሉ የሐሳብ ክርክር ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባልጻፍንበት። ነገር ግን በእርግጥ ደርሶ የታየ ነው።

በፋይል ውስጥ ምንም ያልተጻፈበት ሥፍራ ሊኖር ይችላል፤ ሲነበብ ዜሮ ብቻ ይነበባል፣ በዲስኩ ላይ ግን ቦታ አይዝም። ሊቃውንቱ ቀዳዳ ይሉታል። በመጀመሪያው ዘመን የቀዳዳ ጠቋሚ ሁለንተናው ዜሮ ስለ ነበረ የልደት ቍጥር አልነበረውም፤ ስለዚህ ቀዳዳው አዲስ ይሁን አሮጌ ሊታወቅ ስለማይችል፣ ላኪው በገባበት ቅርንጫፍ ያገኘውን ቀዳዳ ሁሉ ለመላክ ይገደድ ነበር። ይህን ድካም ለማስቀረት ቀዳዳም የልደት ቍጥር እንዲኖረው ተደረገ፤ ስሙም ሆል በርዝ ተባለ። ሐሳቡ መልካም ነበር።

ከጉድለቶቹ አንዱ የተገኘው በሚከተለው ጠባብ መንገድ ላይ ነው። አንድ ሰፊ የፋይል ክፍል በቀድሞው ስናፕሾት ጊዜ በጽሑፍ የተሞላ ነበር እንበል። ከዚያ በኋላ ክፍሉ በሙሉ ተሰረዘ፤ ከፍ ባለው የዛፉ ደረጃ ላይ አንድ ትልቅ ቀዳዳ ተመዘገበ፣ የልደት ቍጥሩም በትክክል ተጻፈ። ቀጥሎም የኋለኛው ስናፕሾት ሳይወሰድ በዚያው ክፍል ውስጥ ጥቂት ነገር ተጻፈ። ይህን ጊዜ ትልቁ ቀዳዳ ተከፍሎ በምትኩ አዲስ የጠቋሚዎች ብሎክ መሠራት አለበት፤ ከጠቋሚዎቹም አንዱ ወደ አዲሱ ጽሑፍ ሲያመለክት የቀሩት ትንንሽ ቀዳዳዎች ይሆናሉ። እነዚህ ትንንሾች የእናታቸውን የልደት ቍጥር ሊወርሱ ይገባ ነበር፤ ግን ዜሮ ሆነው ቀሩ። ላኪው በዚያ ሲያልፍ ዜሮ ከቀድሞው ስናፕሾት ቍጥር ማነሱን አየና፣ ቀዳዳው ድሮም የነበረ ነው ብሎ ዘለለው። በተቀባዩ ዘንድ ግን በዚያ ሥፍራ የነበረው አሮጌ ጽሑፍ እንዳለ ቀረ።

ይህ አንድ ቁም ጸሐፊ ከብራናው አንድ ገጽ በሙሉ ፍቆ በመካከሉ አንድ መስመር ብቻ ቢጽፍ፣ ቅጅውን የያዘው ሰው ደግሞ አዲሱ መስመር ተነግሮት መፋቁ ሳይነገረው ቢቀር ከሚሆነው ነገር ጋር አንድ ነው። አዲሱ መስመር በቦታው በትክክል ይገባል፤ በዙሪያው ግን ከዋናው የተፋቀው ቃል በቅጅው ላይ ቆሞ ይነበባል። የቀድሞ ጸሐፊዎቻችን ይህን ስለሚያውቁ አንዱ ዋናውን ሲያነብ ሌላው ቅጅውን እየተከታተለ ያርም ነበር እንጂ፣ የቀለሙን ጥራትና የብራናውን ጤንነት አይቶ መጽሐፉ ትክክል ነው ያለ አልነበረም።

ነገሩ በ2016 ዓ.ም. በይፋ ሲገለጥ መንገዱ አንድ ብቻ አለመሆኑ ታወቀ፤ አንዱ ሲደፈን ሌላው ይታይ ጀመር። በመጨረሻም በሊኑክስ ላይ የሚሠራው ዜድኤፍኤስ በ0.6.5.8 እትሙ ላኪው በዚህ የቀዳዳ መረጃ እንዳይታመን በነባሪነት አደረገ። ሠሪዎቹ ስለዚሁ ጉዳይ ባወጡት መግለጫ ላይ፣ ተቀባዩ ምንም ዐይነት የድምርም ሆነ ሌላ ስሕተት እንደማያይ፣ የደረሰው ስናፕሾት ግን ከዋናው እንደሚለይ በግልጽ አስረድተዋል። ከዚህ የበለጠ ለክርክራችን የሚረዳ ቃል ልናገኝ አንችልም። ዜድኤፍኤስ ከራሱ ጋር የሚታተም የፈተና ስብስብ አለው፤ በውስጡም አርሴንድ የተባለ ስለ መላክና መቀበል ብቻ የተዘጋጀ ክፍል አለ። ሆኖም ጉድለቱ በሰዎች ቅጅ ውስጥ ገብቶ ተገኘ።

ለምን አመለጠ ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። እኛ በበኩላችን ከምክንያቶቹ አንዱ የመጠን ነገር ይመስለናል። ብዙዎች ሲፈትኑ ሦስት አራት ትንንሽ ፋይሎች ፈጥረው ስናፕሾት ይወስዳሉ፤ አንዱን ይለውጣሉ፣ አንዱን ይሰርዛሉ፣ እንደገና ስናፕሾት ወስደው ይልካሉ፤ ከዚያም በተቀባዩ ወገን የፋይሎቹን ዝርዝር አይተው ሠርቷል ይላሉ። እንዲህ ያለ ትንሽ ፋይል ግን ከላይ የጠቀስነውን ከፍ ያለ የዛፍ ደረጃ ከቶ የለውም። 16 ኪሎባይት የሆነ የጠቋሚዎች ብሎክ 128 ጠቋሚ ይይዛል፤ የፋይሉ ብሎክ 128 ኪሎባይት ከሆነ አንዱ የጠቋሚዎች ብሎክ 16 ሜጋባይት ይሸፍናል። በኋለኞቹ እትሞች የጠቋሚዎቹ ብሎክ 128 ኪሎባይት ስለ ሆነ የሚሸፍነው 128 ሜጋባይት ደርሷል። ከዚህ ያነሰ ፋይል ይዞ ስለ ቀዳዳ የሚፈትን ሰው፣ ወንዝ ሳይሻገር ዋና መቻሉን እንደሚናገር ሰው ነው። መድኃኒቱ ግን ትልቅ ዲስክ መግዛት አይደለም። የፋይሉን ብሎክ መጠን ወደ ታች፣ እስከ 512 ባይት ድረስ ማውረድ ይቻላል፤ ያን ጊዜ 128 ጠቋሚዎች የሚሸፍኑት 64 ኪሎባይት ብቻ ይሆናልና ረጅም ዛፍ ያለው ፋይል በአንድ ተራ ኮምፒዩተር ላይ፣ ዲስክን በሚተካ ፋይል ውስጥ እንኳ መሥራት ይቻላል። ይህን በመሰለ ርካሽ ዘዴ የሚፈትኑ ጥቂቶች መሆናቸው ያስገርመናል።

ሁለተኛው ትችታችን ስለ ትልቁ ኤፍ ነው። ተቀባዩ ልዩነቱን የሚቀበለው የራሱ የፋይል ሥርዓት ከመጨረሻው ስናፕሾት ወዲህ ካልተለወጠ ብቻ ነው። ፈታኙ ቅጅውን ሊያይ ብሎ ፋይሎቹን ከፍቶ ሲያነብ ግን፣ ሥርዓቱ የተነበበበትን ሰዓት የሚመዘግብ ከሆነ ማንበቡ ብቻ ለውጥ ይሆናል፤ የሚቀጥለውም ልዩነት ሲመጣ ተቀባዩ ተለውጫለሁ ብሎ ይከለክላል። ይህን ጊዜ ብዙ መመሪያዎች የሚሰጡት ምክር አጭር ነው፤ በመቀበያው ትእዛዝ ላይ ትልቁን ኤፍ ጨምሩ ይላሉ። ተቀባዩም ወደ መጨረሻው ስናፕሾት ተመልሶ ለውጡን ይጥልና መልእክቱን ይቀበላል፤ ክልከላው ይጠፋል፤ ፈተናው አለፈ ይባላል።

እንደ እኛ አስተያየት ይህ የፈተናውን አፍ መድፈን ነው። ክልከላው የመጣው ለአንዲት የሰዓት መዝገብ ይሁን ወይም ሌላ ፕሮግራም በቅጅው ላይ በስሕተት ይጽፍ ስለ ነበር፣ ከዚያ በኋላ ማንም አያውቅም። ከዚህም የባሰ አለ። የፋይል ሥርዓቶችን ከነልጆቻቸው የሚልከው ትልቁ አር በላኪው ወገን ሲጨመርና ልዩነት ሲላክ፣ በተቀባዩ ወገን ያለው ትልቁ ኤፍ በላኪው ዘንድ የሌሉትን ስናፕሾቶችና የፋይል ሥርዓቶች ያጠፋል። ይህ በመመሪያው ላይ የተጻፈ ሥራው ነው፤ ጉድለት አይደለም። ነገር ግን በዋናው ኮምፒዩተር ላይ አንድ ሰው በድንገት ያጠፋውን የፋይል ሥርዓት ቅጅው ተከትሎ ያጠፋዋል ማለት ነው። ቅጅ የተፈለገው ለዚያ ቀን አልነበረምን? ፈተናቸው ይህን የማይጨምር ሰዎች፣ በዋናው ላይ አንድ ስናፕሾት ሆን ብለው አጥፍተው በማግሥቱ በቅጅው ላይ ይኖር እንደ ሆነ እንዲያዩ እንመክራለን። ለመጀመሪያው ችግር ደግሞ መቀበያውን ለንባብ ብቻ ማድረግና ማነጻጸሩን በስናፕሾቱ ላይ ማካሄድ ይበቃል፤ ስናፕሾት በመነበብ አይለወጥም፣ መልእክት መቀበልም በዚህ አይከለከልም።

ለማነጻጸር ያህል ቢቲአርኤፍኤስ የተባለውን የሊኑክስ የፋይል ሥርዓት በጥቂቱ እንጥቀስ። ይህ የመላክ ችሎታ ያገኘው በ2012 ዓ.ም. በወጣው የሊኑክስ 3.6 እትም ነው። መልእክቱ የብሎኮች ዝርዝር ሳይሆን የሥራ ትእዛዞች ተርታ ነው፤ ይህን ፋይል ፍጠር፣ ይህን ስም ለውጥ፣ እዚህ ላይ ይህን ጻፍ ይላል። ስለዚህ አስቸጋሪው ነገር የቅደም ተከተል ነው፤ ሁለት ማውጫዎች ስማቸውን ቢለዋወጡ ወይም አንዱ በሌላው ሥር ቢገባ ትእዛዞቹ በየትኛው ተራ ይውጡ? የሊኑክስ ፋይል ሥርዓቶች የሚፈተኑበት ስብስብ ስለዚህ ብዙ ትንንሽ ታሪኮች ይዟል፤ ኤፍኤስሰም የተባለ መሣሪያም የዋናውንና የቅጅውን ይዘት ከነመለያ መረጃው ደምሮ ያስተያያል። ይህ የሚመሰገን ነው፤ ይዘትን ከይዘት ጋር ያመሳክራልና። የምንነቅፈው ታሪኮቹ አብዛኛውን ጊዜ ጉድለት ከተገኘ በኋላ የሚጻፉ መሆናቸውን ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው፣ የታወቀውን ጉድለት እንዳይመለስ ይጠብቃሉ እንጂ ያልታወቀውን አያድኑም።

ታዲያ ምን ይደረግ? ታሪኩን ሰው ከሚያስበው ይልቅ ኮምፒዩተሩ በዕጣ እንዲያወጣው ማድረግ ይሻላል። መጻፍ፣ ማሳጠር፣ ማስረዘም፣ ቀዳዳ መብሳት፣ መሰረዝ፣ የተሰረዘውን ቦታ በሌላ ፋይል መያዝ፣ ስናፕሾት መውሰድ የሚሉትን ሥራዎች እያቀላቀለ ረጅም ታሪክ ይሥራ፤ ዕጣው የተነሣበት ቍጥር ከተመዘገበ ያው ታሪክ ሊደገም ይችላል። ከዚያም የመጨረሻው ስናፕሾት በሁለት መንገድ ይላክ፤ አንዱ ከመጀመሪያው ጀምሮ በልዩነት ሰንሰለት፣ ሁለተኛው ባዶ ወደ ሆነ ቦታ በአንድ ጊዜ በሙሉ። ሁለቱ ቅጅዎችና ዋናው፣ ሦስቱም ይመሳከሩ። ሙሉው ከዋናው ተካክሎ ሰንሰለቱ ከተለየ ጉድለቱ ያለው በልዩነት አወጣጡ ላይ መሆኑ ወዲያው ይታወቃል። የተቋረጠ መልእክት ካቆመበት የሚቀጥልበት መንገድም በዚሁ ታሪክ ውስጥ ይግባ፤ መቋረጡ ግን በአንድ በተመረጠ ቦታ ብቻ መሆን የለበትም። መብራት የሚጠፋበትን ባይት አይመርጥም።

ማመሳከሪያው መሣሪያ ራሱ መጠርጠር አለበት። በ2023 ዓ.ም. ኅዳር ገደማ የኦፕንዜድኤፍኤስ 2.2.0 ከወጣ በኋላ፣ አንዳንድ ሰዎች የገለበጧቸው ፋይሎች በከፊል ዜሮ ሆነው አገኟቸው። በመጀመሪያ የተጠረጠረው በዚያ እትም የገባው አዲስ የብሎክ መጋራት ዘዴ ነበር፤ ሲመረመር ግን ምክንያቱ ከዚያ የቆየ ሆኖ ተገኘ። ገና አሁን በተጻፈ ፋይል ላይ ጽሑፉ የት ነው፣ ቀዳዳው የት ነው ተብሎ ሲጠየቅ ሥርዓቱ አልፎ አልፎ ጽሑፍ ያለበትን ቀዳዳ ነው ብሎ ይመልስ ነበር፤ አዳዲሶቹ የመገልበጫ ፕሮግራሞችም ይህን መልስ አምነው ሥፍራውን ይዘሉት ነበር። በ2.2.2 እና በ2.1.14 እትሞች ታረመ። ለእኛ ጉዳይ ትምህርቱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ እንዲህ ተበላሽቶ የተጻፈ ፋይል በስናፕሾት ቢላክ ቅጅው ብልሽቱን በታማኝነት ይይዛል፤ ስለዚህ የፈተናው ፋይል ምን መያዝ እንዳለበት ከዲስኩ ሳይሆን ከታሪኩ መሰላት አለበት። ሁለተኛ፣ ማመሳከሪያው ቀዳዳ የት እንዳለ ሥርዓቱን ጠይቆ የሚዘል ከሆነ፣ ሊመረምረው የመጣውን ሰው ቃል እንደ ማስረጃ ይወስዳል። እያንዳንዱን ባይት ማንበብ አለበት፤ ንባቡም ከማስታወሻ ሳይሆን ከዲስክ እንዲሆን ፑሉ ከኮምፒዩተሩ ተላቆ እንደገና ቢገጠም ይሻላል። የፋይሉ ርዝመት፣ ባለቤቱ፣ ፈቃዱ፣ ተጨማሪ መለያዎቹና ስሞቹ ሁሉ አብረው ይታዩ። የያዘውን የዲስክ ቦታ ማስተያየት ግን ከንቱ ነው፤ የዲስኮቹ አደራደርና ማመቂያው ከተለያየ ተመሳሳይ ይዘት የተለያየ ቦታ ይይዛል፣ የተለያየ ይዘትም ተመሳሳይ ቦታ ሊይዝ ይችላል።

አንድ ተቃውሞ እንደሚነሣብን እናውቃለን። ሁሉን ነገር ካነበብን ልዩነትን ብቻ የመላክ ጥቅሙ የት ቀረ? ይባላል። ተቃውሞው ሁለት ወጪዎችን ያደባልቃል። የምንቈጥበው የመስመሩን ነው። ዋናውም ቅጅውም እያንዳንዳቸው በየቦታቸው ተነብበው የየፋይሉ የሐሽ ድምር ብቻ በመስመሩ ላይ ቢላክ፣ የሚተላለፈው አንድ አጭር ዝርዝር ነው። የዲስኩን ድካም አንክድም፤ ስለዚህ በየቀኑ ይደረግ አላልንም። ስክራብን በየወሩ የሚያስኬድ ሰው ግን ዲስኩን በሙሉ ያነበበ ስለ ሆነ፣ በዚያው ድካም የበለጠ ጠቃሚ ጥያቄ መጠየቅ ይችል ነበር።

በመጨረሻ የምናነሣው የቆዩ ቅጅዎችን ነገር ነው። የ2016ቱ እርማት የተደረገው በላኪው ላይ ነው፤ ከዚያ በፊት የደረሰውን አላስተካከለም። ላኪው ዛሬም የሚጐበኘው የተለወጠውን ቅርንጫፍ ብቻ ስለ ሆነ፣ በዚያ አካባቢ ምንም ነገር እስካልተለወጠ ድረስ የተሳሳተው ሥፍራ እንደ ተሳሳተ ይኖራል፤ በላዩም የየቀኑ ልዩነት እየተደረበ ይሄዳል። ከዚያ ዘመን ጀምሮ ሳይቋረጥ በልዩነት የመጣ ቅጅ ያለው ክፍል ቢኖር፣ ወይ ዋናው በሕይወት ሳለ ባይት በባይት ያመሳክር፣ ወይም ወደ አዲስ ቦታ እንደገና በሙሉ ይላክ፤ አሮጌው ቅጅም አዲሱ ተመሳክሮ እስኪያልቅ ድረስ አይጥፋ።